ጥፋቱ የጣት ነው ወይስ የቁልፉ?

ዛሬ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ላቀርብላችሁ የፈለግሁት ትምህርት ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ይኸውም በሞባይል የንግድ አፕ ላይ በጣት የሚነካ ቁልፍ ስፋቱ ምን ያህል መሆን ይገባዋል የሚል ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ገንዘብም ጉርብትናም ያበላሻል።

እናቴ ጥራጥሬ ትቸረችራለች። የዱቤ ሒሳቧን በደብተር ትይዝ ነበር፤ አምና ግን እኔው ራሴ ስልኳ ላይ የሱቅ መመዝገቢያ አፕ ጫንኩላት። አንድ ቀን ማታ የጎረቤታችንን የ1,850 ብር ዱቤ ላስተካክል ስትል መዝገቡ ጠፋባት። «አስተካክል» እና «ሰርዝ» የሚሉት ምልክቶች ጎን ለጎን የተጣበቁ፣ እያንዳንዳቸውም የምስር ፍሬ የሚያህሉ ነበሩ። አፑም «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አልጠየቃትም። ጎረቤታችን «እኔ የማውቀው 1,200 ብር ነው» አሉ፤ እናቴ ደግሞ ማስረጃ የላትም። ሁለት ወር ሙሉ ቡና ሳይጠራሩ ቀሩ። እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን እናቴ «ምን ላድርግ፣ እጄ አልተማረ» ማለቷ ነው።

ለመሆኑ ጥፋቱ የእጇ ነበር? እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ጣት ስክሪን ላይ የሚያርፈው እንደ እርሳስ ጫፍ በነጥብ ሳይሆን እንደ ማኅተም በሰፊው ነው። ስልኩ ግን ከዚያ ሁሉ ቦታ አንዲት ነጥብ አስልቶ ይወስዳል። ነጥቧም ሰውየው ካሰበው ቦታ በጥቂት ሚሊሜትር ልትርቅ ትችላለች። በዚያ ላይ ጣቱ ራሱ ቁልፉን ስለሚሸፍነው የት እንደነካ አያይም።

ፖል ፊትስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ እጅ አንድን ዒላማ ለመንካት የሚፈጅበት ጊዜ በርቀቱና በስፋቱ ይወሰናል። ዒላማው ሲርቅና ሲጠብ ሥራው ይከብዳል፤ ሲቀርብና ሲሰፋ ይቀላል። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓርሂ፣ ካርልሰንና ቤደርሰን ስልክ በአንድ እጅ ይዘው በአውራ ጣት የሚነኩ ሰዎችን አጥንተው ነበር። የደረሱበትም ውጤት ለአንድ ጊዜ ንክኪ 9.2 ሚሊሜትር፣ እንደ ቁጥር መጻፍ ላለ ተከታታይ ንክኪ 9.6 ሚሊሜትር ስፋት ይበቃል የሚል ነው። የጉግል መመሪያም ቁልፍ ቢያንስ 9 ሚሊሜትር ያህል እንዲሆን ይመክራል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው?

1. የሚነካው ቦታ ከ9 ሚሊሜትር ባያንስ ይመረጣል። ሥዕሉ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም፤ በዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ ሲነካ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል።

2. በቁልፍና በቁልፍ መካከል ክፍተት ይኑር።

3. «ሰርዝ» ከ«መዝግብ»ና ከ«አስተካክል» ይራቅ። ሰፊ ቁልፍም ቢሆን በስሕተት ይነካልና፣ አፑ ከመሰረዙ በፊት ይጠይቅ ወይም የተሰረዘውን መመለሻ ይስጥ።

4. አፑ የሚፈተነው ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብቻ አይሁን። በአንድ እጅ ሚዛን የያዘች፣ ደንበኛ የቆመባት ነጋዴ ትሞክረው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ስክሪኑ ጠባብ ነው፣ ሁሉም ቁልፍ ከሰፋ የት ይገባል?» ይሉኛል። ጥያቄው ልክ ነው። መልሱ ግን ቁልፉን ማሳነስ ሳይሆን ቁጥሩን መቀነስ ነው። ዕለት ዕለት የሚያስፈልጉት ሦስት አራቱ ፊት ለፊት ይሁኑ፤ በወር አንዴ የሚፈለገው ወደ ሌላ ገጽ ይሂድ።

ይህ ነገር እኛን መምህራንን ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ያገባናል እንጂ! ሰሌዳ ላይ ደቃቅ ጽሕፈት ጽፈን የኋላ ወንበር ተማሪ ሳያነበው ሲቀር «ሰነፍ» ካልነው፣ እናቴን ካሳሳታት አፕ በምን እንሻላለን? ሰው ሲሳሳት አስቀድመን መሣሪያውን እንመርምር።

ጎረቤታችንና እናቴ ልዩነቱን እኩል ተካፍለው ታርቀዋል። አፑንም አጥፍቼ፣ ከመሰረዙ በፊት የሚጠይቅ ሌላ ጫንኩላት፤ ደብተሩንም ግን አልተወችውም። «እጅሽ ምንም አላጠፋም፣ ያጠፋሁት ሳልሞክር የጫንኩልሽ እኔ ነኝ» ስላት ሳቀች።

የቤት ሥራ፦ አውራ ጣታችሁን በቀለም ነክራችሁ ወረቀት ላይ አሳርፉና አሻራውን በማስመሪያ ለኩ። ከዚያም ስልካችሁ ላይ ያለውን ትንሹን ቁልፍ ለኩና አወዳድሩ። ውጤቱን በክፍል እንወያይበት።