የአነስተኛ ቤንዚን ሞተር ፋሻ አቀያየር



በሞያሌ ውሃ የምትስበው፣ ሱቅ የምታበራው፣ ስልክ የምትሞላው ሞተር ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ናት። የሣር ማጨጃ ሞተርም ከዚህች ብዙ አትለይም። «አለቀላት» ተብላ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ከመሸጧ በፊት እቤት ተፈትታ ልትድን ትችላለች። ለምሳሌ የምንወስደው ሆንዳ ጂኤክስ 160 ነው።

አስቀድሞ ስለ ስም። የእኛ ሜካኒኮች አብዛኛውን ቃል የወረሱት ከጣሊያንኛ ነው፤ ኬንያ ውስጥ ግን ዕቃው በእንግሊዝኛ ይጠራል። ሱቅ ስትገቡ ካንዴላን ፕለግ፣ ፋሻን ሪንግ፣ ቴስታታን ሲሊንደር ሄድ፣ ጓርኒሲዮንን ጋስኬት፣ ቢዬላን ኮንሮድ በሉ። አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ቀጥሎ በሽታውን መለየት ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል ማለት ነው፤ ለዚህ ሞተር አይፈታም። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ካንዴላውን አውጥታችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው ጨምሩ፤ ካንዴላውን መልሳችሁ ገመዱን ሳቡ። ከበፊቱ ከከበደ ያለቀው ፋሻው ነው። ለውጥ ከሌለ ቫልቩን ወይም ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ።

ለመፍታት የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፤ ቤንዚኑንና ዘይቱን አፍስሱ። ይህ ሥራ ምድጃ አጠገብ አይሠራም። ቴስታታውንና የጎን ክዳኑን ከፍታችሁ የቢዬላውን ቡሎኖች ስትፈቱ ፒስተኑ ወደ ላይ ይወጣል። የቢዬላው ክዳን በየትኛው በኩል እንደነበረ ምልክት አድርጉ።

አሁን ሲሊንደሩን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ፋሻ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ሲሊንደሩ ሬክቲፊካ ይፈልጋል። ለስላሳ ከሆነ አዲሱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ በፒስተኑ ጀርባ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉትና የጫፎቹን ክፍተት ለኩ። ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ጥሩ ነው፤ 1 ሚሊሜትር ከደረሰ አይሆንም።

ፋሻዎቹ ፒስተኑ ላይ ሲገቡ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ወደ ላይ ይሁን። ክፍተቶቻቸው በአንድ መስመር አይዋሉ፤ አለዚያ ጋዙ መውጫ ያገኛል። ሲገጠም የኮሎው ጥርስና ቫልቭ የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ምልክታቸው ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጥርስ ካለፈ ሞተሯ በትክክል አትሠራም። የቴስታታውን ቡሎኖች በመስቀል፣ ቀስ በቀስ አጥብቁ። የቫልቭ ክፍተት ሞተሯ ቀዝቅዛ የአየር ማስገቢያው 0.15፣ የጭስ ማውጫው 0.20 ሚሊሜትር ነው። ካንዴላው ከ0.7 እስከ 0.8 ይሁን። ዘይት 0.6 ሊትር ያህል ይበቃታል።

የሞያሌ አቧራ ግን አዲሱንም ፋሻ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ማጣሪያ የሌለውን ሞተር ማደስ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ስፖንጁን በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፣ ንጹሕ ዘይት አስነክታችሁ ጭመቁት፤ በበጋ በየሳምንቱ ቢታይ አይበዛም።

መጀመሪያ ስታስነሷት ደጅ ይሁን። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት በቤትም ሆነ በድንኳን ውስጥ ሰው ይገድላል። ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከባድ ሥራ አትስጧት፤ ዘይቱንም ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ለውጡ።