ለ15 ሄክታር ስንት የፈረስ ጉልበት?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከእጩ መምህራን ጋር ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ወርደን ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡና «መምህር፣ አሥራ ሁለት ሆነን ግማሹን አዋጥተን ግማሹን ተበድረን ትራክተር ልንገዛ ነው። ትልቁ ይሻለናል ትንሹ?» ሲሉ ጠየቁን። ከሰልጣኞቹ አንዱ ቶሎ ብሎ «ትልቁ ነዋ አባባ! ጉልበት ያለው አይሻልም?» አላቸው። ብድሩን የሚከፍለው እሱ አይደለማ!

ለመሆኑ ሰዎቹ ብድር ውስጥ ለመግባት ለምን ተነሡ? አምና የተከራዩት ትራክተር የደረሰው ዝናቡ ጠንክሮ አፈሩ ከጨቀየ በኋላ ነበር። ከፊሉ መሬት ጦም አደረ፤ የቀረውም ዘግይቶ ተዘራ። እንግዲህ ጥያቄው የጉልበት ብቻ ሳይሆን የጊዜም ነው ማለት ነው። ጥማድ የምንለው መለኪያ ራሱ ከዚሁ የመጣ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ማለት ነውና።

እስቲ እናስላው። እያንዳንዱ አባወራ 5 ጥማድ አለው፤ ጠቅላላው 60 ጥማድ ነው። ጥማድ እንደ አገሩ ቢለያይም 4ቱን 1 ሄክታር ብንል 15 ሄክታር ይሆናል። «አፈሩ እንደ ድንጋይ ሳይደርቅ፣ እንደ ጭቃም ሳይጣበቅ ለእርሻ የሚመቸው ስንት ቀን ነው?» ብንላቸው ሽማግሌው በጣታቸው ቆጠሩና «ከቀናን ሃያ ቀን» አሉ። በቀን 7 ሰዓት ቢታረስ 140 ሰዓት ነው። ስለዚህ ትራክተሩ በሰዓት 0.107 ሄክታር ማረስ ይጠበቅበታል።

የማረሻው ወርድ በሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል በሰዓት የሚታረሰው ሄክታር ይገኛል። ነገር ግን ማረሻው ቀኑን ሙሉ አፈር ውስጥ አይውልም፤ መዞር አለ፣ ከማሳ ወደ ማሳ መሄድ አለ። በእንዲህ ያለ የተበጣጠሰ መሬት ከሰዓቱ 60 በመቶው ለእርሻ ቢውል ነው። ፍጥነቱን 4.5 ኪሎ ሜትር ብንይዝ የሚያስፈልገው ወርድ 0.40 ሜትር ብቻ ይሆናል። አንድ ማረሻ በቂ ነው ማለት ነው!

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ማረሻው 18 ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅ የሚገለበጠው አፈር 40 ሲባዛ በ18፣ ማለትም 720 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። መካከለኛ ቀይ አፈር ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 5 ኒውተን ያህል ቢጠይቅ መጎተቻው ኃይል 3,600 ኒውተን ይሆናል። በሰከንድ 1.25 ሜትር ሲጎተት 4.5 ኪሎ ዋት ነው። ከሞተሩ ጉልበት ግማሽ ያህሉ በጎማ መንሸራተትና በሌላ ሌላው ስለሚባክን 9 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 12 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። ዋልካ ከሆነስ? 8 ኒውተን ብንይዝ ያው ስሌት 20 የፈረስ ጉልበት ይሰጠናል። መጠባበቂያ ሲጨመርበት ለቀዩ 15፣ ለዋልካው 25 ይሆናል። መሬቱም ቀኑም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አፈሩ ነው።

«ታዲያ ለቀዩ አፈር በእጅ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ይበቃል፤ እሱም 15 የፈረስ ጉልበት አለው» የሚል ይኖራል። ቆይ፣ ቆይ! ትራክተር የሚጎትተው በክብደቱም ጭምር ነው። በእርሻ መሬት ላይ የሚነዱት ጎማዎች ከተሸከሙት ክብደት ግማሽ ያህሉን ቢጎትቱ ትልቅ ነገር ነው። 350 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,700 ኒውተን አካባቢ ሲደርስ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፤ እኛ ደግሞ 3,600 እንፈልጋለን። በዚህ ዓይነቱ ትራክተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው በሞተሩ ኃይል እየዞረ አፈሩን የሚቆርጥ መሣሪያ የሆነው ለዚህ ነው። ለጓሮ አትክልት፣ ለመስኖና ለጋሪ ጥሩ ነው፤ ዋልካ በማረሻ ለመገልበጥ ግን አይሆንም።

ትልቁስ? ለብዙ ዘመን የምናውቀውን ባለ 80 ፈረስ ጉልበት ቤላሩስ እንውሰድ። ክብደቱ ከ3 ቶን በላይ ነው፤ ሦስት ማረሻ፣ በድምሩ 1.05 ሜትር ወርድ ይጎትታል። ማሳው 50 በ50 ሜትር ከሆነ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንዱን ትልም በ30 ሰከንድ ይጨርሳል። ያን የሚያህል ትራክተር ከነማረሻው በጠባብ ዳርቻ ለመዞር ሌላ 30 ሰከንድ ቢፈጅበት ከነዳጁ ምን ያህሉ እህል እንደሚያበቅል አስቡት። ይህም ሆኖ መንገዱን ሳንቆጥር 15ቱን ሄክታር በ48 ሰዓት፣ ማለትም በ7 ቀን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ለጎረቤት ካልተከራየ ይቆማል፤ የብድሩ ወለድ ግን አይቆምም። እርጥብ ዋልካ ላይ ከወጣም አፈሩን ጠቅጥቆ የሚጎዳው ሌላ ጣጣ ነው።

ትልቅ መኪና ሰፊ ማሳ ይፈልጋል። በጭላሎ አውራጃ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመሬት ባለቤቶች ትራክተር ሲያስገቡ ብዙ ጭሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቅለዋል። የዛሬዎቹ አሥራ ሁለቱ አባወራዎች ግን ድንበራቸውን አፍርሰው ማሳቸውን ሊያገናኙ አላሰቡም።

ለሽማግሌው የሰጠናቸው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፤ አፈርዎ በአብዛኛው ዋልካ ስለሆነ የሚገዙ ከሆነ 25 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከ1.3 ቶን ያላነሰ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ ይሁን። መለዋወጫውና መካኒኩ በቅርብ ከተማ መኖሩን ግን ብድሩን ከመፈረምዎ በፊት ሄደው በዓይንዎ ይዩ። በእኔ ግምት ከዚህም የሚሻል አለ። ትልቁን ለ7 ቀን መከራየት፣ ግን ቀኑንና የመዘግየት ቅጣቱን በጽሑፍ ማሰር ነው። ሽማግሌው «ቅጣቱን ማን ያስከፍልልናል?» አሉኝ። ለዚህ ስሌት አልነበረኝም።

ለእጩ መምህራን የቀረበ መልመጃ፦ ባለ 25 ፈረስ ጉልበቱ በ40 ሳንቲ ሜትር ማረሻ፣ በሰዓት 4.5 ኪሎ ሜትር እየሄደ አንድ ጥማድ ያርሳል፤ አንድ ጊዜ ለመዞር 15 ሰከንድ ይፈጅበታል። ማሳው 50 በ50 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 25 በ100 ሜትር ቢሆንና በርዝመቱ ቢታረስ ስንት ደቂቃ ይተርፋል? መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።