ሰንጢ ሲታጠፍ ስለቱ እንዴት ያድራል?

ሰንጢን የማያውቅ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። እርሳስ ለመቅረጽ፥ ሸንኮራ ለመላጥ፥ ገመድ ለመቁረጥ ሲባል በብዙ ቤት አንድ ይገኛል። ሰው ሰንጢ ሲገዛ «ይቆርጣል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሲታጠፍ እንዴት ይተኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ሰንጢ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ታጥፎ በኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተከፍቶ እንዴት እንደሚቆርጥ ብቻ ሳይሆን ታጥፎ እንዴት እንደሚያድር መመርመር ይገባል። እኔ ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ስለ ሆነ አስቀድሜ ጥፋቴን እናገራለሁ።

ባለፈው ክረምት አባቴ በወጣትነቱ ይይዘው የነበረውን ሰንጢ ሰጠኝ። እኔም በደስታ ብዛት ለማይሆን ሥራ አዋልሁት፤ የራዲዮ ብሎን ልፈታበት ስል ጫፉ ተሰበረ። አባቴ ሳያይ ላበጀው ብዬ በዚያው ማታ መሳያ ድንጋይ አምጥቼ፥ እንደ ገና ሹል እስኪሆን ድረስ ጫፉን ሳልሁት። ከዚያም አጥፌ በኮቴ ኪስ ውስጥ ጨመርሁት። በማግስቱ ታናሽ እኅቴ ከረሜላ ፍለጋ እጅዋን ወደ ኪሴ ሰደደች፤ ወዲያውም ጮኸች። ጣትዋ ተቆርጦ በጤና ጣቢያ ተሰፋላት። እናቴ ሰንጢውን አንሥታ ብታይ እንደ ታጠፈ ነበር። «ታጥፎ ሳለ እንዴት ቆረጣት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ።

መልሱን ለማግኘት ሰንጢውን በሰፈራችን ወደሚገኝ አንድ አረጋዊ ብረት ሠሪ ወሰድሁት። እርሳቸውም ጥቂት አገላብጠው ካዩት በኋላ፦
«ጫፉን በየት በኩል ነው የሳልኸው?» አሉኝ።
«በአፉ በኩል ነው፥ ጋሼ።»
«እንግዲያው ልጄ፥ አንተው ነህ ጫፉን ከቤቱ ያስወጣኸው» አሉ።

የዚህን ንግግር ምሥጢር ለመረዳት በመጀመሪያ የሰንጢን አካል ማወቅ ያስፈልጋል። የሚታጠፈውን ብረት በሙሉ ስለት እንለዋለን። የሚቆርጠው ወገን አፍ፥ የማይቆርጠው ወፍራሙ ወገን ጀርባ፥ ወደ እጀታው የገባው ክፍል ደግሞ ሥር ይባላል። ሥሩ ተበስቶ ችንካር ገብቶበታል፤ ስለቱ የሚዞረው በዚህ ችንካር ላይ ነው። በእጀታው ውስጥ፥ በአንዱ ጠርዝ ርዝመት ሁሉ፥ ሞላ ተኝቷል፤ ይህም ሞላ የስለቱን ሥር ዘወትር ይገፋል። ሥሩ ክብ ሳይሆን ጠፍጣፋ ጎኖች ስላሉት፥ ሞላው ከአንዱ ጎን ጋር ሲገጥም ስለቱ ተከፍቶ ይቆማል፤ ከሌላው ጋር ሲገጥም ታጥፎ ይቀመጣል። ስናጥፈው መጀመሪያ እንቢ ብሎ ኋላ በድንገት «ቀጭ» የሚለውም የሥሩ ማዕዘን ሞላውን ሲያልፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ስለቱ ሲታጠፍ አፉ ወደ ውስጥ፥ ጀርባው ወደ ውጭ ይሆናል። አፉ በሞላው ላይ ቢያርፍ ኖሮ በታጠፈ ቍጥር ይደንዝ ነበር። ይህ እንዳይሆን በሥሩ ላይ፥ አፉ ከሚጀምርበት ጥቂት ቀደም ብሎ፥ ያልተሳለች አንዲት ትንሽ ጕብታ ትተዋለች። ብረት ሠሪው «ተረከዝ» ብለው ጠሯት። ስለቱ ሲታጠፍ በሞላው ላይ የሚቆመው በተረከዙ ስለ ሆነ አፉ ብረት ሳይነካ በአየር ላይ ተንሳፎ ያድራል። እንግዲህ መላው ስለት ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ የሚተኛው እንደዚህች ጕብታ ቁመት ነው። ተረከዙ ከልክ በላይ ቢረዝም ጫፉ ከእጀታው በላይ ብቅ ይላል፤ ከልክ በላይ ቢያጥር ደግሞ አፉ ሞላውን ይመታል።

የተረከዙ ጥቂት ለውጥ ለጫፉ ብዙ ለውጥ መሆኑን በክፍላችን በተማርነው የምጥጥን ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። በኔ ሰንጢ ላይ ከችንካሩ እስከ ተረከዙ 8 ሚሊሜትር፥ ከችንካሩ እስከ ጫፉ 64 ሚሊሜትር ነው። 64 ለ8 ሲካፈል 8 ይሆናል። ስለዚህ ተረከዙ በ1 እጅ ከፍ ቢል ጫፉ በ8 እጅ ከፍ ይላል ማለት ነው። ሩብ ሚሊሜትር የምታህል የዳቦ ፍርፋሪ በተረከዙና በሞላው መካከል ብትገባ፥ ጫፉን 2 ሚሊሜትር ታነሣዋለች። የኪስ ብናኝ የሞላበት ሰንጢ ሳይበላሽ ተበላሽቶ የሚታየው ስለዚህ ነው። ሰንጢን ከመሞረድ በፊት ማደሪያውን በቀጭን እንጨት መጥረግ ብልኅነት ነው።

እኔ ያጠፋሁት ግን በተረከዙ ላይ ሳይሆን በጫፉ ላይ ነበር። የደኅና ሰንጢ ጀርባ ወደ ጫፉ ሲደርስ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት ጫፉ ሲታጠፍ ከእጀታው ጠርዝ በታች ይሰወራል። እኔ የተሰበረውን ጫፍ በአፉ በኩል ስለ ሳልሁት አዲሱ ሹል ወደ ጀርባው ከፍታ ወጣ። ሲታጠፍም ወደ ውጭ የሚሆነው ጀርባው ስለ ሆነ፥ ሹሉ ከእጀታው በላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ተርፎ ቀረ። እኅቴን የወጋት ይህ ትርፍ ነው። የተሰበረ ጫፍ መሳል ያለበት በጀርባው በኩል ነው፤ ያን ጊዜ አዲሱ ሹል ወደ አፉ መሥመር ስለሚወርድ በማደሪያው ውስጥ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነብኝ።

ስለቱ ከላይና ከታች ብቻ ሳይሆን ከግራና ከቀኝም በልክ መተኛት አለበት። በሁለቱ የጎን ብረቶች መካከል በትክክል ካልቆመ አንዱን ጎን እየፋቀ ይገባል። የዚህም ምክንያት የችንካሩ መላላት ወይም የስለቱ መጣመም ሊሆን ይችላል። ብዙ ስለት ያላቸው ሰንጢዎች ላይ ችግሩ ይበረታል። በጠባብ ቦታ ጎን ለጎን የሚያድሩ ስለቶች እንዳይፋጩ፥ ሠራተኞች ስለቱን ከሥሩ አጠገብ እጅግ በጥቂቱ ወደ ጎን ያጎብጡታል። ይህ ጕድለት ሳይሆን ጥበብ ነው።

ይህን የቦታ ችግር በብልኀት ከፈቱት አንዱ የስዊስ አገር ሰው ካርል ኤልሰነር ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤልሰነር በ1884 በኢባኽ መንደር የሥራ ቤት ከፈተ፤ በ1891 ለስዊስ ጦር ሠራዊት የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ባስመዘገበው የመኰንኖች ሰንጢ አንዱ ሞላ በሁለቱም ወገን ያሉትን መሣሪያዎች እንዲገፋ ስላደረገ፥ 6 መሣሪያዎች በ2 ሞላዎች ብቻ ሊሠሩ ቻሉ። ቪክቶሪኖክስ የተባለው ይኸው ፋብሪካ የስለቱን ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ 56፥ የሞላውን 49 ያደርገዋል። ሞላው የሚላላው ሳይሰበር እንዲለጠጥ ነው። ነገር ግን ሞላው ቢላላም፥ የስለቱ አፍ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ ሁለቱ ሲጋጩ የሚደነዝዘው አፉ ነው።

ሞላ የሌለው ሰንጢም አለ። በፈረንሳይ አገር በሳቯ ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 የሠራው ሰንጢ ማደሪያው በእንጨት እጀታ ላይ የተሰነጠቀ ቀዳዳ ብቻ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ ስለቱን አጥብቆ ይይዘዋል፤ የአገሩ ሰዎችም የእጀታውን ጫፍ በጠረጴዛ ላይ መታ አድርገው ስለቱን ብቅ ያሰኙታል። ሲደርቅ ደግሞ ይላላል። በ1955 ልጁ ማርሴል የተከፈተው ስለት በእጅ ላይ እንዳይታጠፍ የሚጠብቅ የሚዞር ቀለበት ጨመረበት። ቀለበቱ የታጠፈውንም ስለት እንዲቈልፍ የተደረገው ግን ከ2000 ጀምሮ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው፥ ሰው ለተከፈተው ስለት የተጠነቀቀውን ያህል ለታጠፈው ለመጠንቀቅ ዘግይቷል።

ወደ ኔ ሰንጢ ልመለስ። ብረት ሠሪው ሁለት መንገድ እንዳለ ነገሩኝ፤ አንደኛው ተረከዙን መሞረድ፥ ሁለተኛው የጫፉን ጀርባ ዝቅ ማድረግ። እኔ ተረከዙ ይሻላል አልሁ፤ ሩብ ሚሊሜትር መሞረድ ቀላል መስሎኝ ነበርና። እርሳቸው ግን «አፉስ?» አሉኝ። ሒሳቡን ሳስበው ልክ ነበሩ። ተረከዙ በሩብ ሚሊሜትር ቢያጥር ጫፉ 2 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ በስለቱ መካከል ያለው አፍም 1 ሚሊሜትር ይወርዳል። በዚያ ቦታ በአፉና በሞላው መካከል ያለው ክፍተት ግን 1 ሚሊሜትር አይሞላም ነበር። የተሞረደ ተረከዝ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ስለቱ እንዳይግል ውኃ እያስነኩ ጀርባውን ከጫፉ በኩል ቀስ ብለው ሞረዱት። ሰንጢው በጥቂቱ አጠረ፤ ጫፉ ግን ወደ ቤቱ ገባ።

በቤቱ ሰንጢ ያለው ሰው በሚከተሉት አራት ነገሮች ሊመረምረው ይችላል።

1ኛ፤ ሰንጢውን አጥፎ በአሮጌ ጨርቅ መጥረግ፤ ክር ቢይዝ ጫፉ ወጥቷል ማለት ነው። በጣት መሞከር አይገባም።

2ኛ፤ ቀጭን ወረቀት በሞላው ላይ አንጥፎ ስለቱን በዝግታ ማጠፍ፤ ወረቀቱ ተረከዙ ካረፈበት ቦታ ውጭ ቢቆረጥ አፉ ሞላውን ይነካል።

3ኛ፤ የታጠፈውን ሰንጢ በብርሃን ፊት ይዞ በስለቱ ግራና ቀኝ ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን ማየት።

4ኛ፤ ታጥፎ ሳለ የጥፍር ማስገቢያው ከእጀታው ውጭ መታየቱን ማረጋገጥ፤ ስለቱ ከልክ በላይ ቢሰምጥ የሚከፈትበት አይገኝምና።

ሰንጢ ወደ ትምህርት ቤት ይዞ መምጣት የተከለከለ ስለ ሆነ ይህ ምርመራ በቤት፥ በወላጅ ፊት የሚደረግ ነው። ታናናሾች ያሉዋችሁ ጓደኞቼ ሆይ፥ ሰንጢያችሁን በኮት ኪስ ውስጥ አትተዉት።

የእኅቴ ጣት ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። ሰንጢው አሁን በአባቴ ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ይኖራል። እናቴ የጠየቀችኝን ጥያቄም ዛሬ መመለስ እችላለሁ፤ የቆረጣት መቁረጫው ሳይሆን፥ እኔ ሳላስብ ያፈረስሁት ማደሪያው ነው።