የሚነፋ ሰሌዳ ለቦዮ?

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ቆመው የሚቀዝፉበት፣ በአየር የሚነፋ ሰሌዳ ሊልክልኝ ነው። ከሆሳዕና ወርጄ ቦዮ ሐይቅ ላይ ልሞክረው?

መልስ፦ ቦዮን ለወፎቹና ለጉማሬው ይተዉላቸው፤ ዳሩም ረግረግ ነው። ሐዋሳም ጉማሬ አያጣም። እኔ የምመርጠው ላንጋኖን ነው። ውሃው ደፍርሶ ሻይ በወተት ቢመስልም ሰው ሲዋኝበት የኖረ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ በጠዋት ይግቡ።

ወንድምዎ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ይላክ፤ ቀጭኑ መሃሉ ይጎብጣል። ፓምፑ፣ የእግር ገመዱና የመንሳፈፊያ ጃኬቱ እንዳይረሱ። አየሩን እስከ 15 ፒኤስአይ ይሙሉ፤ የመኪና ጎማ ግማሽ ያህል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ክንድ ያዝላል፣ ግን አያቁሙ፦ በጉልበትዎ ሲጫኑት እንደ ፍራሽ ከሰረጎደ ገና ነው። ከውሃ ሲወጡ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ፀሐይ አየሩን አሙቆ ስፌቱን ይከፍተዋል።