የኳስ ተጫዋች ጉልበት ከየት ይመጣል?

እኛ የሶፊ ገበሬዎች ማሽላ፣ ለውዝና ጫት እናመርታለን። ወጣቶቻችንም ከእርሻ መልስ ኳስ ይጫወታሉ። አንዳንዱ ግን «ከሐረር ከተማ የጉልበት ዱቄትና ኪኒን ካልገዛሁ አልሮጥም» ይላል። እውነት ነው ወይ? አይደለም።

የኳስ ግጥሚያ 90 ደቂቃ ነው። ለሩጫ ኃይል የሚሰጠን የማሽላ እንጀራ፣ ገንፎና ቂጣ ነው። ሰውነት የሚገነቡት ለውዝ፣ ባቄላ፣ ወተትና እንቁላል ናቸው። ከ100 ግራም ለውዝ 25 ግራም ያህሉ ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ነው። ማንጎ፣ ፓፓያና ጎመን ደግሞ ከበሽታ ይከላከላሉ። ጨዋታው ሊጀመር 3 ሰዓት ያህል ሲቀረው ደህና አድርገን እንብላ። በዕረፍት ጊዜ ውሃ እንጠጣ።

ጫትስ? ጫት የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይቀንሳል። በውስጡ ያለው ካቲን የሚባል ነገር በተጫዋቹ ሽንት ከተወሰነ መጠን በላይ ከተገኘ በዓለም አቀፍ የስፖርት ሕግ ያስቀጣል። በዱቄትና በኪኒንም ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ተደባልቆ ሊገኝ ይችላል። ተጫዋቹ «አላወቅሁም» ቢልም ከቅጣት ላይድን ይችላል።

ስለዚህ ለውዙን ሁሉ ሸጠን ኪኒን አንግዛ። ለቤታችን የሚሆነውን እናስቀር። ሐኪም ያላዘዘውን አንዋጥ። የተጫዋች ጉልበት ከማሳችን ይገኛል።