ታሪኩን ሳይዝ የመጣ ታካሚ
የአደራ ቤተሰብ ልጆች የጤና ፍላጎት

አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ጤና ጣቢያ ስትገባ ሐኪሙ ልጁን ከመመርመሩ አስቀድሞ ይጠይቃታል። ሲወለድ ክብደቱ ስንት ነበር? የትኞቹን ክትባቶች ወስዷል? የማይስማማው መድኃኒት አለ? ከቤተሰቡ አስም ያለበት ሰው ይኖራል? እናት አብዛኛውን በቃሏ ትመልሳለች። ይህ መልስ በሕክምና ሙያ «የሕመም ታሪክ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ሐኪሙን ወደ በሽታው መንስኤ የሚመራው እርሱ ነው። ነገር ግን ልጁን ይዞ የመጣው ሰው ከትናንት በስቲያ የተረከበው ቢሆንስ?

የአደራ ቤተሰብ የሚባለው ወላጆቹ ሊያሳድጉት ያልቻሉትን ልጅ ሕግ በሰጠው ኃላፊነት ለተወሰነ ጊዜ ተቀብሎ የሚንከባከብ ቤተሰብ ነው። ከጉዲፈቻ የሚለየው የወላጅነት መብት ወደ አሳዳጊው የማይተላለፍ በመሆኑ ነው። አሠራሩ በሰፊው በሚሠራበት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ400,000 በላይ ልጆች በዚህ ዓይነት ክብካቤ ሥር ነበሩ። ብዙዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ ቤት ይቀይራሉ፤ በያንዳንዱ ዝውውርም የጤና መረጃቸው ሊቋረጥ ይችላል።

መረጃ ሲጠፋ ምን ይከተላል?

የዕድገት ክትትልን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የ3 ዓመት ልጅ 12 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል፤ በዚህ ዕድሜ መካከለኛው ክብደት 14 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከ6 ወር በፊት 10.5 ኪሎ ግራም ከነበረ ልጁ እያገገመ ነው። 12.5 ኪሎ ግራም ከነበረ ግን እየከሳ ስለሆነ አስቸኳይ ምርመራ ያሻዋል። የዛሬው ቁጥር በሁለቱም ሁኔታ አንድ ነው። በግራፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ነጥብ አቅጣጫ የላትም፤ አቅጣጫ የሚገኘው ከቀድሞው ነጥብ ጋር ስትያያዝ ነው።

ክትባትም እንዲሁ ነው። ማስረጃ የሌለው ክትባት በአብዛኛው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ልጁ አንድ ጊዜ የተወጋውን ደግሞ ይወጋል። የባሰው ግን «ወስዶ ይሆናል» ተብሎ በግምት መታለፉና ልጁ ለኩፍኝ ወይም ለፖሊዮ ተጋልጦ መቅረቱ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከአእምሮ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው አደጋ ሲሰማው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ፒቱታሪ ዕጢን፣ ፒቱታሪም ከኩላሊት በላይ የሚገኙትን አድሬናል ዕጢዎች ያነቃል፤ ከእነርሱም ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ይመነጫል። ይህ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ሰውነትን ያነቃቃል። ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል ግን እንቅልፍን፣ ትምህርትንና በሽታ የመከላከል ኃይልን ያውካል። ረሃብና ጥቃት ያየ፣ በኋላም ከወላጆቹ የተለየ ልጅ ምግብ ቢደብቅ ወይም መረጋጋት ቢያቅተው የሚያስገርም አይደለም። ያለፈውን የማያውቅ ሰው ግን ድርጊቱን ስርቆት ወይም ባለጌነት ይለዋል፤ ሐኪሙም ያለ በቂ ምክንያት መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የእነዚህ ልጆች ትልቁ ያልተሟላ የጤና ፍላጎት የአእምሮ ጤና መሆኑን የሚያስገነዝበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስቱ ቀጠሮዎች

አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የአቋም መግለጫ ሦስት ደረጃዎችን አመልክቷል። ልጁ በገባ በ72 ሰዓት ውስጥ ጉዳትና ተላላፊ በሽታ ይፈተሻል፤ እንደ አስም ወይም ኢንሱሊን ያለ የዘወትር መድኃኒት እንዳይቋረጥም ይረጋገጣል። በ30 ቀን ውስጥ ጥርስን፣ ዕይታን፣ መስማትን፣ ዕድገትንና አእምሮን ያካተተ ሙሉ ምርመራ ይደረጋል። ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ልጁ ከአዲሱ ቤት ጋር እንዴት እንደተላመደ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግም ክፍለ ግዛቶች የልጆቹን የጤና መረጃ የሚያስተላልፉበትንና የሚታዘዝላቸውን መድኃኒት የሚቆጣጠሩበትን ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። በዚያው ዓመት ቴክሳስ ልጁን በሄደበት የሚከተል «የጤና ፓስፖርት» የተባለ የኮምፒውተር መዝገብ ጀምራለች።

ጉዳዩ አገራችንንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያ የአደራ ቤተሰብን ያካትታል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከቀረ ወዲህ ደግሞ በአገር ውስጥ ያሉት አማራጮች የበለጠ ክብደት አግኝተዋል። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙት ማኅደር የሚከፈተው ለቤተሰብ ነው። ልጁ ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ ማኅደሩ በቀድሞው ጤና ኬላ ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ የክትባት ካርዱና የክብደት መዝገቡ ቅጂ ከልጁ ጋር መሄድ ይኖርበታል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ለእነዚህ ልጆች ጥሩ ሐኪምና ጥሩ መድኃኒት ብቻ አይበቃቸውም፤ የትናንቱን ከዛሬው የሚያያይዝላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። በባህላችን አደራ ተቀባይ የተቀበለውን ሳያጎድል ይመልሳል። አደራ ሰጪም ልጁን ሲያስረክብ ታሪኩን አብሮ ማስረከብ ይገባዋል።