ከዓባይ በረሃ የተገኘው ዛጎል

ጥያቄ፦ ዓባይ በረሃ ወርጄ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ጥፍር የሚያህል፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ዛጎል አገኘሁ። ሞጣ ያለችው እህቴም መሰሉ አላት። ባሕር በሌለበት አገር ከየት መጣ? ዝርያውስ እንዴት ይታወቃል?
አንባቢያችሁ፣ ከብቸና

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብቸናና ሞጣ የተቀመጡበት ደጋ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከሥሩ፣ ዓባይ በቆረጠው ገደል የሚታየው የኖራ ድንጋይ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አካባቢውን በሸፈነ ጥልቀት የለሽ ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። የእርስዎ ዛጎል የዚያ ባሕር ነዋሪ ነበር።

ቅርጹ ስካሎፕ የሚባለውን ዛጎል ይመስላል፤ ሆኖም በዚያው ድንጋይ የሚገኙት፣ ብራኪዮፖድ የሚባሉ ሌሎች ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳት ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ሾጣጣውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። ግራና ቀኙ እንደ ጆሮ ወጣ ወጣ ካለ፣ በተለይም አንዱ ጆሮ ከሌላው ከበለጠ፣ ስካሎፕ ነው ለማለት ያስደፍራል። ጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ ካዩ ወደ ብራኪዮፖድ ያደላል። ጆሮ ቶሎ ስለሚሰበር አለመኖሩ ብቻውን አይፈርድም።

ወደ ዝርያ ለመውረድ ሸንተረሮቹን ይቁጠሩ፤ ክብ ወይም ሹል መሆናቸውን፣ በመካከላቸው ቀጫጭን መስመር መኖሩንም ይመዝግቡ። በቀለም መለየት አይሞከርም፤ ከዘመን ብዛት ጠፍቷል። በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት እንጂ ሎሚም ኮምጣጤም አያስነኩት፤ ኖራውን ይበላዋል።

ትክክለኛውን ስም የሚሰጥዎት የቅሪተ አካል ባለሙያ ነው። ከማስመሪያ ጎን አድርገው በሁለቱም ገጽ ያነሱትን ፎቶ፣ ከተገኘበት ቦታ ስም ጋር፣ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ትምህርት ክፍል ቢያሳዩ መልካም ነው። ሌላ ከመቆፈርዎ በፊት ግን የወረዳዎን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያማክሩ።